የቤልፋስትን የፖለቲካ ግድግዳ ሥዕሎች ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

በሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ በቤልፋስት፣ በስተምዕራብ ሁለት ጎዳናዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በፎልስ ሮድ የሚኖሩት በአብዛኛው ከአየርላንድ ጋር መዋሃድን የሚሹ ካቶሊኮች ናቸው፤ በሻንኪል ሮድ ደግሞ ከብሪታኒያ ጋር መቆየትን የሚፈልጉ ፕሮቴስታንቶች ይኖራሉ። ከ3,500 በላይ ሰው የፈጀው ግጭት በ1998ቱ ስምምነት (ዓመቶቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቢበርድም፣ በመካከላቸው የቆመው ግንብ አልፈረሰም። የሁለቱም ወገን ታሪክ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሥሏል።

መጀመሪያ በታክሲ ወይስ በእግር እንደሚሄዱ ይወስኑ። ጥቁሩ ታክሲ አምስት ወይም ስድስት ሰው ይይዛል፣ ጉብኝቱም አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ብዙ ጊዜ ተሳፋሪው ቢያንስም ለመኪናው ከተቆረጠው ዋጋ በታች ስለማይከፈል፣ ብቻውን ለመጣ ሰው ውድ ይሆንበታል። ሁለቱንም ሰፈር የሚያካትት የእግር ጉብኝት ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አንዳንዱን የሚመሩት በግጭቱ የታሰሩ የቀድሞ እስረኞች ናቸው፤ በፎልስ በኩል ሪፐብሊካን (ከአየርላንድ ጋር ለመዋሃድ የታገለ) የነበረው እያስረዳ ይወስድና ግንቡ ጋ ሲደርስ እንግዶቹን ለሎያሊስቱ (ከብሪታኒያ ጋር ለመቆየት ለታገለው) ያስረክባል። ጊዜ ካለዎት ይህኛውን ይምረጡ። አንድ አስጎብኚ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ያደገበትን ሰፈር ሐዘን አብልጦ ያውቃልና።

ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ወደ ሁለቱም ሰፈር እንገባለን? እየወረድን እናያለን ወይስ በመስኮት ብቻ? አስጎብኚው ያደገው የት ነው? ይህን ያልጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሰዓቱ በአንዱ ሰፈር ማለቁ ነው።

ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ ይጀምሩ። ሁለቱን ሰፈሮች የሚያገናኙት አንዳንድ በሮች ማታ ስለሚዘጉ፣ አመሻሽ ላይ የተጀመረ ጉብኝት ረጅም ዙር ያስኬዳል። ሐምሌ (ጁላይ) 11 ማታ በፕሮቴስታንት ሰፈሮች ትልልቅ እሳት ይነዳል፣ በ12 ሰልፍ አለ፣ መንገዶች ይዘጋሉ። ለመጀመሪያ ጉብኝት እነዚህን ቀናት ይለፏቸው። የዝናብ ልብስ በበጋም ቢሆን አይቅር።

ከመሄድዎ በፊት ጥቂት ዓመታት ይያዙ። 1690 ፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ዊልያም በቦይን ወንዝ ድል ያደረገበት ነው፤ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። 1916 በሁለቱም ወገን ግድግዳ ላይ አለ፦ በፎልስ በብሪታኒያ አገዛዝ ላይ የተነሳውን የደብሊን የፋሲካ አመፅ፣ በሻንኪል ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ በተካሄደው የሶም ውጊያ ለብሪታኒያ የወደቁትን የአልስተር (የሰሜኑ አየርላንድ ክፍል) ወታደሮች ያስታውሳል። አስጎብኚዎ ስለ አንዱ ብቻ ከነገረዎ ስለ ሌላኛው ይጠይቁት፤ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም።

ጉዞውን ከመሀል ከተማ በእግር ከሚደረስበት ከዲቪስ ጎዳና ይጀምሩ። እዚያ ባለው ረጅም ግድግዳ ላይ ኔልሰን ማንዴላና በ1845 ቤልፋስትን የጎበኘው፣ ከባርነት ያመለጠው አሜሪካዊ ፍሬድሪክ ዳግላስ ተሥለው ነበር። ቀጥሎ በሴባስቶፖል ጎዳና የሪፐብሊካኑ እስረኛ የቦቢ ሳንድስ ምስል አለ። እስር ቤት ሆኖ በረሃብ አድማ በ66ኛው ቀን፣ በግንቦት (ሜይ) 1981 ሞተ፤ ሌሎች ዘጠኝም ተከተሉት። ከዚያ ወደ ቦምቤይ ጎዳና ይታጠፉ። ነሐሴ (ኦገስት) 1969 የካቶሊኮች ቤቶች የተቃጠሉት እዚህ ነው፤ በቀጣዩ ወር ወታደሮች የመጀመሪያዎቹን መለያ አጥሮች አቆሙ። በላናርክ ዌይ በር ተሻግረው በኩፓር ዌይ ግንቡን ከሌላው ወገን ይዩት፣ በታችኛው ሻንኪል ይጨርሱ።

ሥዕሎቹ ይቀያየራሉ። ታጣቂ የሚያሳዩ አንዳንዶቹ በመንግሥት ድጋፍ በሌላ ተተክተዋል፤ ኢንተርኔት ላይ ያዩትን ካጡ «እዚህ ቀድሞ ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከሥዕሉ ባልተናነሰ ያስተምራል።

ሰው የሚኖርበት ሰፈር ስለሆነ ሕፃናትን ወይም የቤት መስኮት ፎቶ አያንሱ። የስኮትላንድ እግር ኳስ ቡድኖቹን የሴልቲክን ወይም የሬንጀርስን ማሊያ አይልበሱ፤ የትኛው ወገን እንደሆኑ የሚያሳይ ምልክት ነው። አስጎብኚውን «አንተስ ተኩሰሃል?» አይበሉ፤ መናገር የሚፈልገውን ራሱ ይናገራል።

ከደብሊን የሚመጡ ኢትዮጵያውያን አንድ ነገር ይወቁ፦ በድንበሩ መደበኛ የፓስፖርት ኬላ ባይኖርም ቤልፋስት ዩናይትድ ኪንግደም ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የአየርላንድ መኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም የብሪታኒያ ቪዛ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። መገበያያውም ዩሮ ሳይሆን ፓውንድ ነው።