ከቻይናዊ ባልደረባ ጋር በቅይጥ ንግግር ለመሥራት

በሐዋሳ ከቻይናውያን ጋር የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚግባባው ከተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ከጥቂት አማርኛና ከእጅ ምልክት በተውጣጣ ቅይጥ ንግግር ነው። በዚህ ማፈር አያስፈልግም፤ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቻይናዋ የወደብ ከተማ በካንቶን ያሉ ነጋዴዎች ከባሕር ማዶ ደንበኞቻቸው ጋር ሻይና ሐር የተገበያዩት ፒጂን በተባለ፣ ቃሉ የእንግሊዝኛ አሰካኩ ግን ብዙ የቻይንኛ ጠባይ ባለው ንግግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1807 እዚያ የደረሰው ሚስዮናዊ ሮበርት ሞሪሰን ግን መጽሐፍ ቅዱስን ሊተረጉም ያሰበ ሰው ነበርና የገበያው ንግግር አይበቃውም ነበር። ለባዕድ ቻይንኛ ማስተማር በሚያስቀጣበት በዚያ ዘመን በድብቅ አስተማሪ ይዞ ተማረ፤ መዝገበ ቃላቱም ከ1815 እስከ 1823 በየክፍሉ ታተመ።

እርስዎም በመጀመሪያ ጉዳዮችዎን ይለዩ። ዕቃ ለማቀበል፣ ለመቁጠርና ምሳ ለመጋበዝ ቅይጡ ይበቃል፤ ደመወዝ፣ ውል፣ ሕመም ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ሲነሣ ግን አስተርጓሚ ሳይገኝ ወደ ሥራ አይግቡ።

ቁጥርን ምንጊዜም በወረቀት ይጻፉ። በቻይንኛ አራትና አሥር ለጆሯችን እጅግ ይቀራረባሉ፤ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ሲዘረጉ ደግሞ እኛ ሁለት የምንለው ለእነርሱ ስምንት ነው።

ከሁሉ የከፋው ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ ለማሽን ጥገና ቀጠሮ ስይዝ በወረቀት ላይ «2:00» ብዬ ጻፍሁ፤ ቴክኒሻኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የመሣሪያ ሣጥኑን አንጠልጥሎ በፈገግታ መጣ፤ እኛ ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ፈትተን ተቀምጠናል። ከዚያ ወዲህ «ጠዋት 2 = 8:00» ብዬ ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ ከጎኑም ፀሐይ እሥላለሁ።

«እሺ» መባሉን እንደ መግባባት አይቁጠሩት፤ ባልደረባዎ ሥራውን በእጁ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። አየር ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንልበትንም ልማድ ይተዉ፤ እኔን አንዱ አሞኝ መስሎት ውኃ አምጥቶልኛል።

በመጨረሻም በየቀኑ ጥቂት ቃላት በማስታወሻ ደብተር ይያዙ፤ «አልገባኝም» ለማለት «ቲንግ ቡ ዶንግ» ይበሉ። ፊደላችን «አለ» ሲጠብቅና ሲላላ እንደማይለይ ሁሉ የቻይንኛንም ዜማ አያሳይምና ከቃሉ በላይ የድምፁን አካሄድ በመስመር ያመልክቱ፤ «ማይ» ዝቅ ብሎ ሲነሣ መግዛት፣ ከላይ ሲወድቅ መሸጥ ነው።