የሰደድ እሳት ጭስ ሲመጣ ንጹህ ክፍል እንዴት ይዘጋጃል?

እንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2020፣ ሳን ፍራንሲስኮና ኦክላንድ ሳይነጋ ዋለ። ሰማዩ ብርቱካንማ ሆነ፤ መኪኖች በቀትር መብራት አብርተው ሄዱ። በዚያ ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ4 ሚሊዮን ኤከር በላይ ተቃጥሏል። ድርቅ ያከሳው ጫካ አንዴ ከተያያዘ ጭሱ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰው ቤት ይገባል።

የሚጎዳን ዋናው ነገር ፒኤም 2.5 የሚባለው ብናኝ ነው። ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ገደማ ያንሳል። አፍንጫ አያስቀረውም፤ እስከ ሳንባ ጥግ ይወርዳል። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አዛውንት ቀድመው ይጎዳሉ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እዩ። ኤርናው የሚባለው የስልክ መተግበሪያ የሰፈራችሁን የአየር ጥራት በቁጥር ይነግራችኋል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን አየሩ ይከፋል። ከ100 ካለፈ የታመመ ሰው ይጠንቀቅ፤ ከ150 ካለፈ ሁላችንም።

ቀጥሎ አንድ ክፍል ምረጡ። ቤቱን በሙሉ ለማጽዳት መሞከር ድካም ነው። መስኮቱን ዝጉ፣ በበሩ ሥር ፎጣ ጠቅልላችሁ አስገቡ። ኤሲ ካላችሁ የውጭ አየር እንዳይስብ አድርጉት። ኤሲ ከሌለና ሙቀቱ ከበረታ ግን ታፍኖ መቀመጥ ራሱ አደጋ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ወይም ሞል ሄዳችሁ ዋሉ።

አሁን አየሩን አጣሩ። ሄፓ ፊልተር (ረቂቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ) ያለው የአየር ማጽጃ መግዛት ከቻላችሁ ግዙ። ካልሆነ አራት ማዕዘን ቬንትሌተርና ልኩ የሆነ፣ «ሜርቭ 13» የሚል ፊልተር ይበቃል፤ ሜርቭ ፊልተሩ ብናኝ የመያዝ አቅሙ መለኪያ ነው። ፊልተሩን አየር በሚገባበት በጀርባው በኩል አድርጉ። ጠርዙ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቬንትሌተሩ ይመልከት። ዙሪያውን ክፍተት ሳትተዉ በቴፕ ለጥፉት። ቬንትሌተሩ ከ2012 ወዲህ የተሠራ ይሁን፤ የቆዩት ሊግሉ ይችላሉ። ትታችሁት አትውጡ፣ ስትተኙም አጥፉት። ፊልተሩ ሲጠቁር ይቀየር።

ከዚያ የራሳችንን ጭስ እናቁም። እናቶች ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ፣ ግን በእነዚያ ቀናት እጣኑ ይቅር። ቡናውም ተቆልቶ የተቀመጠው ይፈላ። ከሰል እንኳን ያን ቀን፣ በሌላውም ቀን የተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

መውጣት ግድ ከሆነ ኤን95 ጭምብል አድርጉ። የጨርቁ ይህን ብናኝ አያቆምም፤ ጺም ካለ ደግሞ ኤን95ም በደንብ አይገጥምም። ታክሲና ኡበር የምትነዱ መስኮት ዘግታችሁ አየሩ ውስጥ ለውስጥ እንዲዞር የሚያደርገውን ቁልፍ ተጫኑ። በረንዳ ላይ የወረደውን አመድ ደረቁን አትጥረጉት፤ ውኃ አርከፍክፉበት።

ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከጨነቀ ወይም ከንፈር ከጠቆረ 911 ደውሉ።

ፍሬዝኖና ቤከርስፊልድ አካባቢ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ደረቁ አፈር ሲቦን ቫሊ ፊቨር የሚባል በሽታ የሚያመጣ ፈንገስ አብሮ ይነሳል። ሳል፣ ትኩሳትና ድካም ስላለው የሳንባ ምች ይመስላል፤ አንቲባዮቲክ ግን አያድነውም። በጥቁሮች ላይ የመበርታት ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። ሳሉ ሳምንታት ካለፈው ሐኪሙን «ለቫሊ ፊቨር ይመርመርልኝ» በሉት።