ማሻሻያው ተጭኗል፤ ክፍተቱ ግን አልተዘጋም፦ የሊኑክስ ከርነል ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ይህ ጽሑፍ በኡቡንቱ ሰርቨሮች ላይ የከርነል የደኅንነት ማሻሻያ ሲጫን የሚገጥሙ ችግሮችን ይመለከታል። ኡቡንቱ የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና አንዱ ዓይነት ነው፤ ከርነል ደግሞ ፕሮግራሞችን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው የሥርዓቱ እምብርት ነው። አንባቢው ተርሚናል መክፈት፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ትዕዛዝ መስጠትና ከሥራው በፊት የመረጃ ቅጂ መያዝ እንደሚያውቅ ስለማስብ ወደ እነዚያ አልመለስም።

ምልክት፦ ማሻሻያው ያለ ስህተት ተጭኗል፤ የፍተሻ መሣሪያው ግን ሰርቨሩ አሁንም ተጋላጭ ነው ይላል

ከሚደርሱኝ ጥሪዎች አብዛኞቹ በዚህ ይጀምራሉ፤ መንስኤውም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ አንድ ነው። ማሽኑ ከማሻሻያው በኋላ ዳግም አልተነሣም። ሌላ ፕሮግራም ሲታደስ ተዘግቶ ሲከፈት አዲሱ ቅጂ ሥራውን ይረከባል፤ ከርነል ግን ማሽኑ በሚነሣበት ጊዜ ወደ ሚሞሪ ከገባ በኋላ ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ከዚያ አይወጣም። ማሻሻያው የሚሠራው አዲሱን ከርነል «ቡት» በተባለው ማህደር ውስጥ ከአሮጌው ጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው። ስለዚህ የተጠገነው ከርነል ዲስክ ላይ ተኝቶ፣ ክፍተት ያለበት አሮጌው ሚሞሪ ውስጥ እየሠራ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

ለማረጋገጥ «ዩኔም» የተባለውን ትዕዛዝ ሰረዝና «አር» ጨምረው ይጻፉ፤ በአሁኑ ሰዓት የሚሠራውን ከርነል ቁጥር ይሰጥዎታል። ከዚያ በ«ቡት» ውስጥ ካሉት ከፍተኛው ቁጥር ጋር ያስተያዩት። ሁለቱ ከተለያዩ ምርመራው እዚህ ላይ አብቅቷል። ኡቡንቱ በበኩሉ ማሽኑ መነሣት እንዳለበት ለማሳወቅ በ«ቫር» ሥር፣ «ረን» በሚባለው ማህደር ውስጥ «ሪቡት-ሪኳየርድ» የሚል ፋይል ይፈጥራል፤ ይህን ፋይል የሚመለከት ሰው ግን ብዙ አላየሁም።

ቁጥሮቹን ሲያስተያዩ ግን ይጠንቀቁ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነውን «ደርቲ ፓይፕ» የተባለ ክፍተት፣ በዓለም አቀፉ የክፍተቶች መዝገብ (ሲቪኢ) መለያ ቁጥሩ ሲቪኢ-2022-0847ን፣ እንውሰድ። የከርነሉ አዘጋጆች ክፍተቱን በ5.16.11፣ በ5.15.25 እና በ5.10.102 ደፍነውታል። የኡቡንቱ ከርነል ግን 5.15.0 የሚለውን ቁጥር እንደያዘ ይቆያል፤ ጥገናው ከኋላ እየተወሰደ ይጨመርበታል፤ የሚለወጠውም ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው። ይህን የማያውቁ ባለሙያዎች «ከ5.15.25 ያነሰ ነው» ብለው ከማይታወቅ ምንጭ ከርነል አውርደው ሲጭኑ አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ከርነል ከዚያ በኋላ በራሱ አይታደስም፤ ሰርቨሩም ከቀድሞው ይልቅ ተጋላጭ ይሆናል። ትክክለኛው ማረጋገጫ ኡቡንቱ በእያንዳንዱ ፓኬጅ የለውጥ መዝገብ ላይ የሚያሰፍረው የሲቪኢ ቁጥር ነው።

«ሰርቨሩን የምንጠቀመው እኛው ብቻ ነን፣ ምን ያስቸኩላል?» የሚለው ክርክር አያሳምነኝም። ደርቲ ፓይፕ ፋይልን ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ተራ ተጠቃሚ በዚያው ፋይል ላይ እንዲጽፍ፣ በዚህም የሩትን (የዋናውን አስተዳዳሪ) ሥልጣን እንዲይዝ የሚያስችል ነበር። አጥቂው ደግሞ ቢሮ ገብቶ መቀመጥ አያስፈልገውም፤ በድረ ገጹ ደካማ ፕሮግራም በኩል ጥቂት ሥልጣን ይዞ ይገባል፤ የቀረውን የከርነሉ ክፍተት ይሞላለታል። የከርነሉ አዘጋጆች ጥገናውን ያወጡት ፌብሩዋሪ 23 ቀን ሲሆን፣ ክፍተቱ ከነማሳያ ኮዱ ለሁሉም የታወቀው ማርች 7 ቀን ነው። በእነዚያ 12 ቀናት ውስጥ ጥገናው የገባበትን ከርነል ጭኖ ሰርቨሩን ያስነሣ ሰው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር።

በአንድ መሥሪያ ቤት የተጠራሁት «ሰርቨሩ አልነሣም አለ» ተብዬ ነበር። የቀድሞው ባለሙያ ማሽኑን ከ400 ቀናት በላይ ሳያጠፋ ማቆየቱን እንደ ጥንካሬ ይቆጥረው ነበር። አውቶማቲክ ማሻሻያው በዚያ ሁሉ ጊዜ ከርነል በከርነል ላይ ሲደረድር ቆይቶ «ቡት» የተባለው ፓርቲሽን (ራሱን የቻለ የዲስክ ክፍል) ሞላ፤ የመጨረሻው ከርነል መነሻ ፋይሉን ሳያሟላ በግማሽ ቀረ፤ የስህተት መልእክቱንም ያነበበ አልነበረም። አንድ ቀን መብራት ጠፋ፤ ዩፒኤሱም (የመጠባበቂያ ኃይል መሣሪያው) ባትሪው ካለቀ ቆይቶ ኖሮ ማሽኑ ወደቀ። መብራቱ ሲመለስ ሰርቨሩ ግማሹ በጎደለው በዚያ ከርነል ሊነሣ ሞክሮ ቆመ። ከግሩብ (ማሽኑ ሲነሣ ከርነሉን ከሚጭነው ፕሮግራም) ዝርዝር ውስጥ የቀደመውን ከርነል መርጬ አስነሣሁት፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት በታች ፈጀ። መሥሪያ ቤቱ ግን ሰው እስኪገኝ ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ ተገልጋዮቹን ሲመልስ ነበር። ማሽንን በራስዎ ቀጠሮ ማስነሣት ካልፈለጉ መብራት በራሱ ቀጠሮ ያስነሣዋል፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ አጠገቡ ማንም አለመኖሩ ነው።

መፍትሄው የዳግም ማስነሻ ቀጠሮ ነው። አውቶማቲክ ማሻሻያው ማሽኑን ራሱ እንዲያስነሣ ማዘዝ ይቻላል፤ ይህ ምርጫ ግን ከመጀመሪያው ዝግ ሆኖ ስለሚመጣ በእጅ መከፈት አለበት። ሰዓቱን ሲሞሉ የኛን አቆጣጠር አይጻፉ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚጻፈው 02:00 ተብሎ ነው፤ 08:00 ብለው የጻፉ ሰዎች ሰርቨራቸው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሥራ ሲጀምር፣ ጠፍቶባቸዋል። የሰርቨሩ የሰዓት ቀጠናም ይታይ፤ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ላይ የተተወ ማሽን 02:00 ሲል በአዲስ አበባ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ማሽኑ ከተነሣ በኋላ «ዩኔም»ን ደግመው ይጠይቁ፤ ቁጥሩ ካልተለወጠ ግሩብ በአሮጌው ከርነል ላይ ታስሮ ይሆናልና የማስነሻ ምርጫውን ይመልከቱ።

«ላይቭፓች» የተባለው አገልግሎት ማሽኑን ሳያስነሣ አደገኛ ክፍተቶችን በሚሞሪ ውስጥ ይደፍናል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ሁሉንም ክፍተት ግን አይሸፍንም፤ ቀጠሮውን ለማራዘም እንጂ ለመሰረዝ አይጠቀሙበት።

ምልክት፦ ማሻሻያው «በዲስኩ ላይ ቦታ የለም» ብሎ ይቆማል

ዲስኩ ባዶ ቢሆንም «ቡት» የራሱ ትንሽ ፓርቲሽን ሆኖ ሲሠራ አሮጌ ከርነሎች ይሞሉታል። አፕት የኡቡንቱ የፓኬጅ መጫኛ ነው፤ «አፕት አውቶሪሙቭ» የተባለው ትዕዛዙ የሚሠራውንና የቅርብ ጊዜውን ከርነል ትቶ ሌሎቹን ያስወግዳል። አፕት ራሱ ከታሰረ በሥሩ ባለው መጫኛ በ«ዲፒኬጂ» አንድ አሮጌ ከርነል ከነተከታዮቹ ያስወግዱ፤ ከዚያም በግማሽ የቀረውን ጭነት ያስጨርሱ። ፋይሎቹን በ«አርኤም» (በተራው የፋይል መደምሰሻ ትዕዛዝ) በቀጥታ አይደምስሱ፤ የፓኬጅ መዝገቡ አሁንም እንዳሉ ስለሚያስብ ቀጣዩ ማሻሻያ ይሰናከላል። «ዩኔም» የሚያሳየውን ከርነል ፈጽሞ አይንኩ። ጭነቱ በሚካሄድበት ጊዜም ዩፒኤሱ የሚሠራ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ምልክት፦ ከአዲሱ ከርነል ጋር የኔትወርክ ወይም የስክሪን ካርዱ ጠፋ

ካርዱ የሚሠራው ከከርነሉ ውጭ በመጣ ድራይቨር (ካርዱን ከከርነሉ ጋር በሚያገናኝ ፕሮግራም) ነው። «ዲኬኤምኤስ» የተባለው መሣሪያ ድራይቨሩን ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና ይገነባል፤ ለዚያ ከርነል የሚያስፈልጉት የሄደር ፋይሎች (ለግንባታው የሚያገለግሉ የከርነሉ መግለጫዎች) ከሌሉ ግንባታው ይከሽፋል። ሄደሮቹን ጭነው እንደገና ያስገንቡ። ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሣ ፊርማን የሚያጣራው ጥበቃ) ሥራ ላይ ከሆነ ፊርማው ያልተመዘገበ ድራይቨር ስለማይጫን ቁልፉን ያስመዝግቡ። ኔትወርኩ ከጠፋ ማውረድም ስለማይቻል በአሮጌው ከርነል ተነሥተው ይሥሩ። አምራቻቸው ከሸጧቸው በኋላ ድራይቨራቸውን የማያድስላቸውን ርካሽ ካርዶች ለሰርቨር አይግዙ፤ ብዙ ሰው ከርነሉን ማዘመን የሚያቆመው በእነሱ ምክንያት ነው።

ምልክት፦ አዲስ ከርነል ከነጭራሹ አይመጣም

«አፕት-ጌት አፕግሬድ» አዲስ ፓኬጅ ስለማይጨምር ከርነሉን ወደኋላ ያስቀረዋል፤ «አፕት አፕግሬድ»ን ይጠቀሙ። ከርነሉን የሚያስከትለው ዋና ፓኬጅ ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ ተወግዶ ከሆነ መልሰው ይጫኑት። በኮንቴይነር ውስጥ ከሆኑ የሚሠራው የአስተናጋጁ ማሽን ከርነል ስለሆነ የሚታደሰው እዚያ ነው። ኡቡንቱ 18.04ን ከያዙ ደግሞ መደበኛ ድጋፉ በ2023 (እ.ኤ.አ.) አብቅቷል፤ ወይ ወደ አዲስ እትም ይሻገሩ፣ ወይ የተራዘመውን ድጋፍ ያስመዝግቡ።