የኤርታሌን ጥቁር ላቫ በእግር እንዴት ማቋረጥ ይቻላል?

በአፋር ያለው እሳተ ገሞራ ኤርታሌ ከባሕር ጠለል በላይ 613 ሜትር ብቻ ነው፤ አቀበቱም ገር ነው። ሰው የሚጎዳው አናቱ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ ከጠርዙ ወርዶ ወደሚጨሰው ጉድጓድ በሚያልፍበት አጭር የላቫ (ቀልጦ ፈስሶ የደረቀ ድንጋይ) ሜዳ ላይ ነው። በጠርዙ የተከበበው የአናቱ ጎድጓዳ ቦታ በሙሉ 1.6 በ0.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ርቀቱ ኢምንት ይመስላል። በዚህ አይዘናጉ።

መጀመሪያ የተራራውን የሰሞኑን ሁኔታ ያጣሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ጎኑ ተሰንጥቆ አዲስ ላቫ አፍስሷል፤ በሐምሌ 2025 እንደገና ፈንድቷል፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ደግሞ ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ስለዚህ አምና የሄደ ሰው የነገረዎት መንገድ ዛሬ ላይኖር ይችላል። ተራራውን በቅርብ ቀን ያየ የአካባቢው አፋር መሪ ሳይኖር አይውረዱ፤ እሱ አይሆንም ካለ ክርክር የለም።

ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ሰዓቱ ደግሞ ምሽት ወይም ንጋት ቢሆን ይመረጣል። ጥቁሩ ድንጋይ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታም ይተፋልና ሦስት ሊትር ውሃ ራስዎ ይያዙ፤ ግመል ላይ የተጫነ ውሃ ሲጠማዎት አጠገብዎ አይገኝም።

ጫማው ሶሉ ወፍራምና ጠንካራ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ይሁን። የሩጫ ጫማ ጨርቁ ቶሎ ይቀደዳል። ሱሪው ረጅምና ወፍራም ይሁን። ከዕቃ ሁሉ የሚናቀው፣ ግን በጣም የሚያስፈልገው፣ ግንበኞች የሚጠቀሙበት የቆዳ ጓንት ነው፤ ሰው ሲወድቅ የሚቀድመው እጁ ነው፣ ላቫው ደግሞ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይቆርጣል። ባትሪ ሁለት ያስፈልጋል፦ አንዱ ግንባር ላይ፣ ሌላው ወገብ ላይ የሚታሰር። የግንባሩ ብርሃን ብቻውን ጥላውን ስለሚያጠፋው ስንጥቁና ጉብታው ሜዳ መስሎ ይታያል፤ ከወገብ የሚወጣው ብርሃን ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የስልክ መብራት እጅ ስለሚይዝ አይሆንም።

አሁን ዋናው ነገር፣ አረማመዱ። ላቫው ሁለት መልክ አለው። አንዱ የተሰባበረ፣ ሹል ድንጋይ የተከመረበት ነው፤ ያስፈራል፣ ግን አደጋው በዓይን ይታያል። ሌላው ላዩ ለስላሳ፣ የተሸበሸበ ነው፤ ሰው ይህን አምኖ ይረግጠዋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚከዳውም እሱ ነው። ላቫ ሲፈስ መጀመሪያ የሚደርቀው ቆዳው ነው። ከሥሩ ያለው ቅልጥ ግን መፍሰሱን ቀጥሎ ሲያልቅ ውስጡ ባዶ ይቀራል። ከላይ የቀረው ቅርፊት ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከመርገጥዎ በፊት በዱላ ይምቱት። ከሥሩ ባዶ የሆነው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ብዙ እግር ያለፈበት መንገድ ደቆና ግራጫ ሆኖ ይታወቃል፤ የሚያብረቀርቀው ገና አልተረገጠም። ያበጠውን ጉብታ ይተዉትና ዝቅ ባለው ይሂዱ። እግርዎን አስቀምጠው ክብደትዎን ቀስ በቀስ ያሳርፉ፤ ስንጥቅ አይዝለሉ። ሁለት ሰው አንድ ቅርፊት ላይ እንዳይቆም ከፊትዎ ካለው ሰው ሁለት ሦስት ሜትር ይራቁ።

እግርዎ ከሰጠመ አይንጠቁት። የተሰበረው ጠርዝ ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል ሲስቡት ሥጋ ይዞ ይቀራል። በዱላውና በሌላው እግር ይደገፉ፣ የቀዳዳውን አፍ ሰብረው ያስፉ፣ ከዚያ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያውጡት።

ጢሱን በተመለከተ ነፋስ ከጀርባዎ ይሁን። የተጫረ ክብሪት የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ ከመጣ የድኝ ጋዝ ነውና ወዲያው ወደ ጎን ይውጡ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አይቀመጡ። የሐኪም ማስክ ጋዝ አያግድም፤ የሚያስፈልገው ለአሲድ ጋዝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ነው። አስም ያለበት ሰው ከላይ ከጠርዙ ቢመለከት ይሻለዋል።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርሱ ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሚሄድ ስንጥቅ ይፈልጉ፤ ካገኙ ከስንጥቁ ወዲህ ይቅሩ። ጠርዙ ከሥሩ ተበልቶ አየር ላይ የተንጠለጠለ ሊሆን ይችላል፤ ለፎቶ ብሎ መጠጋት አይገባም።

ሲመለሱ በመጡበት ይመለሱ፤ አቋራጭ የለም። የተቆረጠ ቦታ ካለ የላቫው ስብርባሪ እስኪወጣ በንጹሕ ውሃ በደንብ ይታጠብ፣ ከዚያ ይታሰር።