ወረርሽኝ በር ሲያዘጋ፦ ባሏ የሚመታትን ሴት ስንረዳ የምንሠራቸው ስህተቶች

በመጋቢት 2012 ኮሮና ኢትዮጵያ ገባ ሲባል፣ ጅማ ውስጥ ቶሎ ከቀሩት ነገሮች አንዱ የጎረቤት ቡና ነው። አቦሉ ላይ የሰፈር ወሬ ይወራል፤ በረካው ላይ ግን ብዙ ሴት የሆዷን ታወጣ ነበር። ቡናው ሲቀር ሰሚም ቀረ። የሚመታት ሰው ደግሞ ቤት ዋለ። ያኔ የሠራናቸውን ስህተቶች ዛሬ ላይ ሆነን እንያቸው።

«የባልና ሚስት ነገር ነው» ማለት

አይደለም፤ ወንጀል ነው። የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን ጥቃት ለይቶ ያነሳል።

እሱ ባለበት መጠየቅ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ይመስለኛል። በሩ ሲዘጋብን ስልክ አነሳን። «ዛሬም መታሽ?» ብለን ቴክስት ላክን። ስልኩን ማን እንደያዘው ግን አናውቅም። ስትደውሉ ስለ ገበያ ጀምሩ። ቀጥሎ «አሁን ይመችሻል?» በሉ፤ በአዎ ወይም በአይ የሚመለስ ብቻ ጠይቁ። አንድ ቃልም አስቀድማችሁ ተስማሙ። «በርበሬ ተረፈሽ?» ካለች ሰው ይዛችሁ እንድትደርሱላት ይሁን። ጤና ጣቢያም ያው ነው፤ አብሯት የመጣውን ሰው «ካርድ አውጣላት» ብሎ ለትንሽ ደቂቃ ማራቅ ይቻላል። ያቺ ደቂቃ ብዙ ታስወራለች።

የሚታየውን ሕመም ብቻ ማከም

«ራሴን ያመኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ትላለች። የጨጓራ መድኃኒት ይዛ ትመለሳለች። ድብርትና ጭንቀት ብዙ ጊዜ በሰውነት በኩል ነው የሚወጡት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። እዚያ መሄድ «አብዳለች» አያሰኝም። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ሕክምናውን ግን አይተካ። «መሞት ይሻለኛል» ካለች ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም። ብቻዋን ሳትተዉ በዚያው ቀን ውሰዷት።

«ወረርሽኙ ይለፍ» ማለት

ተደፍራ ከሆነ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ ሁለቱም በፈጠኑ ቁጥር ይሻላል።

«ጥለሽው ውጪ» ብሎ መቸኮል

ሽማግሌ ልኮ «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ማሰኘት ልክ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ይሄም ልክ አይደለም። አደጋው የሚብሰው ብዙ ጊዜ ለመውጣት በተነሳች ሰሞን ነው። የት ታድራለች? ልጆቹስ? መታወቂያዋን፣ የልጆቹን የክትባት ካርድና ትንሽ ብር እናንተ ዘንድ ታስቀምጥ። የምትወጣበትን ቀን ራሷ ትምረጥ። ዛሬ «አልሄድም» ካለች አትቀየሟት፤ በሳምንቱ እንደገና ደውሉላት።