አምሪትሳር ከሄዳችሁ አንድ ሌሊት እደሩ

ብዙ ተጓዥ በሰሜን ሕንድ፣ በፑንጃብ የምትገኘውን አምሪትሳርን የደርሶ መልስ ከተማ ያደርጋታል። ጠዋት ከዴልሂ በባቡር ይነሳል፣ ከሰዓት ይደርሳል፣ የሲክ እምነት ተከታዮች ቅዱስ ስፍራ የሆነውን ወርቃማውን ቤተ መቅደስ ፎቶ አንስቶ ማታውኑ ይመለሳል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ይህ ቦታ ቀን፣ ማታና ሊነጋጋ ሲል ሦስት የተለያየ መልክ አለው። ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩ።

ከዴልሂ ያለው ርቀት 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሻታብዲ የሚባለው ፈጣን ባቡር ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ቲኬቱ ቶሎ ስለሚያልቅ ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። ከተማዋ የራሷ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያም አላት። ጥሩው ወቅት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ መጋቢት ያለው ነው። በታኅሣሥና በጥር ግን የፑንጃብ ጭጋግ ከባድ ነው፤ ባቡሩ ለሰዓታት ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ የመመለሻ በረራችሁን ከባቡሩ ጋር አታጣብቁት። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በቤተ መቅደሱ ግቢ የሚኬደው በባዶ እግር መሆኑን ደግሞ አትርሱ። እብነ በረዱ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ውሃ ያርከፈክፉበታል፤ ከእሱ አትውረዱ።

ከተማዋ የተቆረቆረችው ቤተ መቅደሱን በከበበው ኩሬ ዙሪያ ነው። አራተኛው የሲኮች ጉሩ (የእምነቱ መምህርና መሪ)፣ ጉሩ ራም ዳስ፣ በ1577 ኩሬውን አስቆፈሩ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ተከታያቸው ጉሩ አርጃን መሃሉ ላይ ቤተ መቅደሱን አሠሩ። በ1604 የሲኮችን ቅዱስ መጽሐፍ እዚያ አኖሩት። ወርቁ የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በፑንጃቡ ንጉሥ በማሃራጃ ራንጂት ሲንግ ዘመን ነው። ሲኮቹ ራሳቸው ቦታውን ሃርማንዲር ሳሂብ ይሉታል። እናንተም በዚህ ስሙ ብትጠሩት ደስ ይላቸዋል። ወደ ግቢው ስትገቡ ደረጃ ትወርዳላችሁ እንጂ አትወጡም። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ የሚመጣው ሁሉ ዝቅ ብሎ እንዲገባ። የቤተ መቅደሱ በሮችም አራት ናቸው፤ ከየትኛውም አቅጣጫ ለሚመጣ፣ የየትኛውም እምነት ሰው ክፍት ነው ለማለት። የመግቢያ ክፍያ የለም።

ጫማና ካልሲ በር ላይ ይወልቃል። ጫማ የምታስረክቡበት ቤት አለ፤ ቁጥር ይሰጧችኋል፣ ገንዘብ አይጠይቁም። ጫማውን የሚቀበሏችሁ ሰዎች በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስለዚህ ወርውራችሁ አትስጡ፣ በእጃችሁ አቀብሉ። ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ፤ መግቢያው ላይ ያለችውን ጥልቀት የሌላትን ውሃ በእግራችሁ ረግጣችሁ እለፉ። ፀጉር መሸፈን ለወንድም ለሴትም ግዴታ ነው። ኮፍያ አይሆንም። ውጭ ጨርቅ ሻጮች ይከቧችኋል፤ መግቢያው ላይ ግን በነፃ የሚወሰድ ጨርቅ አለ። እኔ ነጠላ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል እላለሁ፤ ራስንም ትከሻንም ይሸፍናል፣ ሌሊት ደግሞ ይሞቃል። ትከሻና ጉልበት የሚያሳይ ልብስ አትልበሱ። ሲጋራና መጠጥ በቦርሳም ቢሆን ይዞ መግባት ክልክል ነው።

ኩሬውን የምትዞሩት ወደ ግራ ታጥፋችሁ ነው፤ ውሃው ሁልጊዜ በቀኛችሁ ይሁን። ሲደክማችሁ እብነ በረዱ ላይ ተቀመጡ፣ ማንም አያስነሳችሁም። እግራችሁን ግን አጥፋችሁ ተቀመጡ፤ ወደ ቤተ መቅደሱ አትዘርጉ፣ ውሃው ውስጥም አትንከሩ። በዙሪያው ፎቶ ማንሳት ይቻላል። ወደ መሃል በሚወስደው ድልድይ ላይና ውስጥ ግን አይቻልም። የቲክቶክ ዓይነት ቪዲዮ መሥራት በጣም ያስቀይማቸዋል። ረጅም ጦር የያዙ አስተናባሪዎች አሉ። መልካቸው ቆጣ ያለ ቢመስልም ብትጠይቋቸው በትዕግሥት ያስረዷችኋል።

ወደ ውስጥ ለመግባት ሰልፍ አለ። ቅዳሜና እሁድ ከአንድ ሰዓት በላይ ልትቆሙ ትችላላችሁ። ውስጥ ጉሩ ግራንት ሳሂብ፣ ማለትም ቅዱስ መጽሐፉ፣ ከጥላ ስር ተቀምጧል። ሲኮች መጽሐፉን እንደ ሕያው ጉሩ ነው የሚያዩት፤ የምታዩት ክብር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። አጠገቡ ዘማሪዎች በሃርሞኒየምና በታብላ ይዘምራሉ። ግንባር መሬት ማስነካት አይጠበቅባችሁም፤ እጅ አጣምሮ ራስን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። በሩ ላይ ቆማችሁ ሰው አትዝጉ። ፎቅ ላይ ወጥታችሁ ጥግ ይዛችሁ ዜማውን አዳምጡ። ስትወጡ ካራ ፕራሳድ ይሰጣችኋል፤ ከዱቄት፣ ከንጥር ቅቤና ከስኳር የተሠራ ነው። በሁለት እጅ ተቀበሉ፤ አትጣሉት።

አሁን ወደ ላንጋር፣ ማለትም ወደ ቤተ መቅደሱ የነፃ ማዕድ። ለእኔ የአምሪትሳር ልብ ወርቁ ሳይሆን ይህ ወጥ ቤት ነው። ቀንም ሌሊትም አይዘጋም። በቀን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በነፃ ይበላበታል። በር ላይ ትሪ፣ ሳህንና ማንኪያ ትወስዳላችሁ። ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ረድፍ ይዛችሁ መሬት ላይ ትቀመጣላችሁ። ከጎናችሁ ባለሀብት ይሁን የቀን ሠራተኛ አታውቁም፤ የሥርዓቱም ዓላማ ይኸው ነው። አስተናጋጆች ባልዲ ይዘው ዳል (የምስር ወጥ)፣ አትክልትና የወተት ገንፎ እየጨለፉ ያልፋሉ። ሮቲው (ቂጣው) ሲመጣ ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ ተቀበሉ። እኔ አንድ እጅ ብቻ ስዘረጋ አጠገቤ የነበሩ እናት ሌላኛውን እጄን በፈገግታ አንስተው አጠገቡ አደረጉልኝ። ተጨማሪ የፈለገ ይሰጠዋል። የወሰዱትን መተው ግን ነውር ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት አስጨምሩ።

ስትጨርሱ ትሪውን ይዛችሁ ውጡ። ከታች የዕቃ አጣቢዎቹ ኳኳታ ከሩቅ ይሰማል። እዚያ አትለፉ፣ ቁሙ። ማንም ሰው ገብቶ ማገዝ ይችላል። ይህን አገልግሎት ሴቫ ይሉታል። ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ የለም፤ ባዶ ቦታ ፈልጎ እጅጌ መሰብሰብ ነው። ዕቃ ማጠቡ ከከበዳችሁ ነጭ ሽንኩርት የሚልጡት ዘንድ ተቀመጡ። እዚያ አሮጊቶችም ሕፃናትም አሉ። ቋንቋ ባትግባቡም ቢላ ይሰጧችኋል፣ ጠጋ ይሉላችኋል። ሌላው ጉብኝት ሁሉ ቢቀር ይህ እንዳይቀርባችሁ። መክፈል የፈለገ የመባ ሣጥን አለ። ለአስተናጋጆቹ ጉርሻ አትስጡ።

ማታ ተመልሳችሁ ኑ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ መጽሐፉ በአበባ ባጌጠ ፓልኪ፣ ማለትም በሸክም አልጋ፣ ሆኖ በግቢው ወዳለው የሲኮች የሥልጣን መንበር፣ ወደ አካል ታክት ይወሰዳል። ሰዉ ትከሻውን ለማስገባት ይሽቀዳደማል። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ በዚያው ሁኔታ ይመለሳል። ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ስለሚቀያየር በዕለቱ የመረጃ ክፍሉን ጠይቁ። አካል ታክትን በ1606 የመሠረቱት ስድስተኛው ጉሩ፣ ጉሩ ሃርጎቢንድ ናቸው። በፈረንጆቹ ሰኔ 1984 የሕንድ ጦር ግቢውን ሲያጠቃ ሕንፃው ክፉኛ ፈርሶ እንደገና ተሠርቷል። በዚያ ጥቃት ሰው የሞተበት ቤተሰብ ብዙ ነው። ሲያወሯችሁ አዳምጡ፤ ክርክር አታንሱ።

ማደሪያ ለተቸገረ የምዕመናን ማረፊያ ቤቶች አሉ፤ ለውጭ አገር ሰዎች የተለየ የጋራ ክፍልም አለ። የዕቃ ቁልፍ ከራሳችሁ ጋር ይዛችሁ ሂዱ። ጸጥታ የምትፈልጉ ከሆነ በእግር የሚደረስ ሆቴል ያዙ፤ ሌሊት ለመነሳት ቅርብ መሆኑ ነው ዋናው።

ከቤተ መቅደሱ ጥቂት ደቂቃ በእግር ስትሄዱ ጃሊያንዋላ ባግ አለ። ሚያዝያ 5 ቀን፣ በፈረንጆቹ አፕሪል 13 ቀን 1919፣ የእንግሊዙ ጄኔራል ዳየር የተሰበሰበው ሰው ላይ ያስተኮሰበት ቦታ ነው። እንግሊዞች ራሳቸው ያመኑት የሟች ቁጥር 379 ነው፤ ሕንዶች ከዚያ በጣም ይበልጣል ይላሉ። የጥይቱ ቀዳዳ አሁንም ግድግዳው ላይ ይታያል። ሰዎች ከጥይት ሽሽት የዘለሉበት ጉድጓድም አለ። ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ ሂዱ። ከዚያ በፈረንጆቹ 2017 የተከፈተውን፣ የሕንድንና የፓኪስታንን መለያየት የሚያሳየውን የክፍፍል ሙዚየም እዩ፤ ሰኞ ዝግ ነው። ሲርባችሁ የአምሪትሳር ኩልቻ (በምድጃ የተጋገረ ቂጣ) ከሽምብራ ወጥ ጋር ብሉ፣ በላዩ ላሲ (የእርጎ መጠጥ) ጠጡበት። በሕንድና በፓኪስታን ድንበር፣ ዋጋ (Wagah) በሚባለው ቦታ የሚደረገውን የሰንደቅ ዓላማ ማውረድ ሥነ ሥርዓት ለማየት ካሰባችሁ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ፓስፖርት ያዙ፣ ቦርሳ ግን ሆቴል ተዉት፣ አያስገቡትም።