ባላንሱ ዜሮ፣ መሪው ግን ይንዘፈዘፋል

ኮምቦልቻ ላይ መኪና ስሠራ ይሄ ነገር ተደጋግሞ ይመጣብኛል። ባለቤቱ የፋብሪካውን ቸርኬ፣ ጎማው የሚገጠምበትን ብረት፣ አውርዶ ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ገጥሟል። ጎማውም ወፍሯል። ደሴ ከተማ ውስጥ ሲነዳት ምንም የለም። እዚያ ማን በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይነዳል? ወደ ከሚሴ ሲወርድ ግን ሐርቡ ሳይደርስ መሪው እጁ ላይ መንዘፍዘፍ ይጀምራል። ባላንስ ያሠራል፤ ጎማው ሲዞር ክብደቱ በሁሉም ጎን እኩል እንዲሆን ትንንሽ እርሳስ ያስለጥፋል። ያው ነው። ሌላ ጎሚስታ ጋ ሄዶ ደግሞ ያሠራል። እኔ ጋ ሲደርስ ቸርኬው ላይ የተለጠፈው እርሳስ እንደ ዶቃ ተደርድሯል።

የጎማ ነፋስ፣ እብጠት፣ የላላ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ መጋጠሚያ)፣ የሚጮህ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) አይታችኋል ብዬ ልለፍ። እነሱን ሳያይ ይህን የሚያነብ ካለ ተመልሶ ይይ።

ቸርኬውን ከማውረዳችሁ በፊት ግን መንገዱ ይመርምርላችሁ። ሐረጎ፣ በኮምቦልቻና በደሴ መሃል ያለው ዳገት፣ ለኛ ነፃ የምርመራ ማሽን ነው። ወደ ደሴ ሽቅብ ስትወጡ፣ ነዳጅ ስትሰጡ ብቻ ከታች የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቸርኬውን ተዉት። ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግና መጋጠሚያውን፣ ክሮቼራውን፣ እዩ። በተለይ መኪናውን ከፍ አስደርጋችሁ ከሆነ የዘንጉ አንግል ተቀይሯል። ቁልቁል ስትወርዱ፣ ፍሬን ስትይዙ ብቻ መሪው የሚመታ ከሆነ ዲስኮው፣ ፍሬኑ የሚይዘው ክብ ብረት፣ ነው። ሜዳ ላይ፣ ነዳጅም ፍሬንም ሳትረግጡ፣ አንድ ፍጥነት ላይ የሚመጣና ከዚያ ስታልፉ የሚቀንስ ከሆነ ግን ጎማና ቸርኬ ነው። መሪ ላይ ከተሰማ የፊቱ፣ ወንበር ላይ ከተሰማ የኋላው።

ክረምት ላይ ገጠር ውሎ የመጣ መኪና ከሆነ የቸርኬውን የውስጥ ሆድ በእጃችሁ ዳብሱ። የደረቀ ዋልካ ጭቃ አንድ ጎን ተጋግሮ ይገኛል። አጥባችሁ ሸኙት፤ ገንዘብም አትቀበሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የጎማ ልኩን ከ265/65 አር 17 ወደ 285/70 አር 17 የቀየረ ሰው የጎማው ቁመት ከ776 ሚሊ ወደ 831 ሚሊ አድጓል። ሰባት በመቶ ማለት ነው። ቆጣሪው 80 ሲል መኪናው ወደ 86 እየሄደ ነው። «80 ላይ ነው የሚጀምረው» ሲላችሁ ይህን አስቡ። ትራፊክ ፖሊስም ይህን ሰበብ አይሰማም።

አሁን ወደ ዋናው። አንድ ነጋዴ አሉ፣ በሃይሉክሳቸው ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወርዱ። ቸርኬ ከቀየሩ በኋላ አምስት ጊዜ ባላንስ አሠርተዋል።

«ሀጂ፣ ባላንሱ ምንም አልሆነም» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው አንተ ልጅ? አምስት ጊዜ ከፍያለሁ እኮ!»

ቸርኬውን አወረድኩና አሳየኋቸው። የሃይሉክስ ሞዞ፣ ያ ቸርኬው መሃል ላይ የሚገባው ክብ ጉብታ፣ ስፋቱ 106.1 ሚሊ ነው። የገዙት ቸርኬ የመሃል ቀዳዳ ግን 110 ነው። በዙሪያው ወደ 2 ሚሊ ክፍት ነው ማለት ነው። ጣታቸውን አስገብተው ዳሰሱት። ዝም አሉ።

ለምን እንዲህ ተሠራ? ገበያ ላይ የሚሸጥ ቸርኬ ለብዙ መኪና እንዲሆን ቀዳዳው ሰፍቶ ይሠራል። ባለ ስድስት ቡሎን፣ ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት 139.7 ሚሊ የሆነው ቸርኬ ሃይሉክስም፣ ፎርድ ሬንጀርም፣ ሚትሱቢሺ ኤል 200ም ላይ ይገባል። የሬንጀር ሞዞ ግን 93.1 ነው፣ የኤል 200 ደግሞ 67.1። ቡሎኑ ስለገባ ብቻ «ልኩ ነው» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ አለ። ሻጭ ነውና አይፈረድበትም። የሚፈረደው ሳያይ በሚገጥመው ባለሙያ ነው።

የባላንስ ማሽኑ ታዲያ ለምን ዜሮ ይላል? ማሽኑ ቸርኬውን የሚይዘው በመሃል ቀዳዳው፣ በኮን ወጥሮ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ መሃሉ ትክክል ነው። መኪናው ላይ ሲገባ ግን ቀዳዳው ሞዞውን አይነካውም። በስድስቱ ዳዶ፣ ቡሎኑ ላይ በሚጠብቁት ማሰሪያዎች፣ ብቻ ይንጠለጠላል፤ ወደ አንድ ጎን ሳት ብሎ ይታሰራል። ጎማና ቸርኬ አብረው 35 ኪሎ ቢሆኑ፣ ግማሽ ሚሊ መሳት ብቻ 17 ኢንች ቸርኬ ጠርዝ ላይ 80 ግራም ገደማ እርሳስ እንደ መጉደል ነው። አምስት ጊዜ አይደለም ሃምሳ ጊዜ ባላንስ ብታሠሩ ማሽኑ ይህን አያየውም።

መፍትሄው ቀለበት ነው። ከውጭ 110፣ ከውስጥ 106.1 የሆነ፣ ክፍተቱን የሚሞላ። ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ከአሉሚኒየም አስቆርጡ። ልኩን በካሊፐር ራሳችሁ ውሰዱ፤ አራቱንም ቸርኬ ለየብቻ። «አንዱን ለካሁት፣ ሌላውም ያው ነው» ብዬ አንዴ አራቱንም ቀለበት ከራሴ ኪስ ደግሜ አስቆርጫለሁ። ቀለበቱ በእጅ ግፊት መግባት አለበት። በመዶሻ የሚገባ ከሆነ አታስገቡት፣ የሚወዛወዝ ከሆነም አይጠቅምም። ከመግጠማችሁ በፊት ሞዞውንና የቸርኬውን ጀርባ በሽቦ ብሩሽ ፈቅፍቁ፤ ትንሽ የዝገት ቅርፊት ቸርኬውን ያዘነብለዋል። ሞዞው ላይ ስስ ግራሶ ቀቡ፤ ያለዚያ አሉሚኒየሙ ይጣበቅና በሚቀጥለው ጊዜ ስትፈቱ ትረግሙኛላችሁ። ቡሎኑ ላይ ግን ግራሶ አታድርጉ።

የፕላስቲክ ቀለበትም ይሸጣል። ለሜዳ አገር ይሁን። ለእኛ አይሆንም። አንድ ልጅ ጭነት ጭኖ ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን በፍሬን ብቻ ወረደ። በማርሽ መያዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ዲስኮው ሲግል ሙቀቱ ሞዞው ላይ ደረሰ። ስፈታው ቀለበቱ እንደ ሻማ ቀልጦ ሞዞው ላይ ተለጥፏል። በቢላ ፍቄ ነው ያወረድኩት። ከዚያም የባሰ አይቻለሁ። የዘይት ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጦ ሞዞው ላይ የጠመጠመ! መሃሉ ላይ ተጨማዶ ቸርኬውን ከሞዞው ፊት አርቆት ነበር። ያ ሰው በሕይወት ወልዲያ ደርሶ መመለሱ ይገርመኛል።

ቀለበቱ ገብቶም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዳዶውን እዩ። የሃይሉክስ የፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶ ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ነው። ከገበያ የሚገዛው ቸርኬ ግን በአብዛኛው የሾለ፣ ኮን ዳዶ ይፈልጋል። ሰው ቸርኬ ገዝቶ ዳዶ ላለመግዛት የድሮውን ይመልሳል። ጠፍጣፋው ዳዶ የኮኑን ጠርዝ ብቻ ነክቶ ይቀመጣል። ስትፈቱት ቀዳዳው ዙሪያ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ዱቄት ታገኛላችሁ። ያ ዱቄት ቸርኬው እየተበላ መሆኑን ነው የሚናገረው። ይህ እንግዲህ የመንቀጥቀጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ጎማው ጥሏችሁ ይሄዳል። ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ቸርኬውን ጣሉት። በብየዳ የሚያድስ አለ። አትመኑት።

የቸርኬው ፊት ወፍራም ከሆነ ቡሎኑ ያጥራል። ዳዶውን በእጅ ስታስገቡ ቁጠሩ። 12 ሚሊ ቡሎን ላይ ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር መግባት አለበት። አራትና አምስት ዙር ብሎ ከቆመ አይነዳም። ስፓሰር፣ ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚያወጣ መሃል ገብ ብረት፣ ያስገባ ሰው ከመጣ እኔ አውጥቼ ነው የምጀምረው። ካልፈቀደ መንገዱ ክፍት ነው።

አጠባበቁ ላይ ሁሉም ይቸኩላል። መኪናው በክሪክ ተነስቶ፣ ጎማው አየር ላይ እያለ ስድስቱንም ዳዶ በእጅ አስገቡ። ከዚያ ፊት ለፊት እየተሻገራችሁ ቀስ በቀስ አጥብቁ። የመጀመሪያውን ዳዶ በኤር ጋን ጥብቅ አድርጎ አስሮ ወደ ጎረቤቱ የሚሄድ ልጅ ቸርኬውን ያኔውኑ አጣሞታል። መጨረሻውን መሬት አውርዳችሁ በቶርክ ቁልፍ ጨርሱ፤ ሃይሉክስ ላይ ወደ 105 ኒውተን ሜትር። ቁልፉ ላይ ቆሞ መዝለል መጠን አይደለም። ቡሎን ይበጥሳል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ካለ ጎማው ራሱ ክብ ላይሆን ይችላል። ጎማውን አንሱት፣ አንድ ምስማር ጎማው ጠርዝ አጠገብ አቁማችሁ በእጅ አዙሩት። ክፍተቱ እየሰፋ እየጠበበ ከሄደ ጎማው ነው። ጎኑ ላይ ያለውን አራት አሃዝም አንብቡ፤ 2316 ካለ በ2016 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። «አዲስ ነው» ተብሎ የተሸጠላችሁ ስንት ዓመት ፀሐይ እንደሞቀ እዚያው ተጽፏል።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ዳዶውን እንደገና ጨብጡ። አዲስ ቸርኬ ይረጋል፣ ዳዶው ይላላል። ሀጂን ባቲ ደርሰው ሲመለሱ እንዲያልፉ ነገርኳቸው። ማክሰኞ ጠዋት መጡ። ሁለቱ ዳዶ ሩብ ዙር ወሰዱ። መሪው ጸጥ ብሏል።

«የአምስቱን ባላንስ ሂሳብ ታዲያ ማን ይመልስልኛል?» አሉ፣ ሻዩን እየጠጡ።